ተራ

ረዳት ነበርኩ እኔ፣ ደሴ – ኮምቦልቻ፤
እንጀራዬ ጉሮሮ፣ ሀብቴ ጩኸት ብቻ።
የሐረጎን ዳገት በር ላይ ተንጠልጥዬ
ስወጣ ስወርድ «ሒሳብ! ሒሳብ!» ብዬ፣
አንድ ቀን «ኮም…» አልኩኝ፣ «…ቦልቻ»ው ቀረብኝ፤
ትንፋሼ ሒሳቡን ሳይከፍል ወረደብኝ።

ሐኪሙ ሰማና፣ «የልብህ በር» አለ፣
«ገርበብ እንዳለ ነው፣ መግጠም አልተቻለ።
ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን አሞህ ያውቃል?»
አዎን። እንጥሌን ተቆርጬ፣ ማር ልሼ፣
በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳ ተመልሼ፣
ዳነ ተብሎ ተረስቷል።

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው በር ስዘጋ፣
የራሴ ሳይገጥም እየመሸ ነጋ።

አዲስ አበባ ላይ ወረፋ ያዝኩ።
የእኔ ተራ ቁጥር አርባ ሁለት፤
አርባ አንድ የመርሳ ልጅ፣ ዙምራ ይሏታል፣
ሦስት ደረጃ መውጣት ያደክማታል።
ግን ትስቃለች፣ በቁራጭ ትንፋሽም ቢሆን።
ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲያስሉ የሚታቀፉትን ትራስ
ከእናቷ አሮጌ ቀሚስ ሰፍታ፣
ጥጉ ላይ ፓፓያ ጠልፋበታለች።
ብርቱካን ይመስላል ስላት፣
«ዓይንህንም ይዩልህ» አለችኝ።

በቀኗ ትኩሳት ያዛት።
ነርሷ ወረቀቱን አገላበጠች፣
ተራው ወደ እኔ ዞረ።
«እንካ» አለች ዙምራ፣ «ሳታስል አትቀርም፤
አንተ አስልበት ቀድመህ፤ እኔ አልቸኩልም።»

ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።
ጥማት ብቻ። በእርጥብ ጥጥ የተነካ ከንፈር።
በሽቦ የተሰፋ ደረት፣
ከሥሩ አዲስ በር፣ ብረት።
በሰባተኛው ቀን ግድግዳ ይዤ ስሄድ
የአርባ አንድ አልጋ አንሶላው ተለውጧል።
«ወዴት ሄደች?» አልኩኝ። «ሌላ ክፍል» አለች፣
ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮት መለሰች።

መልሱን አልደገምኩም። ትራሱን ታቀፍኩት።

ጣርማበር፣ ሸዋሮቢት፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፤
የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አጥንቴ ውስጥ ነው ቀለቡ።
ከጎኔ ያሉ እናት ጆሯቸውን ጣል አድርገው፦
«ሰዓትህ ይሰማል፣ ስንት ሆነ ልጄ?»
«ሰዓት የለኝም እኮ፣ ባዶ ነው እጄ።»
ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።
ደረቴን አዩ። ገባቸው።
«እንግዲያስ» አሉኝ፣ «አላህ ይሙላልህ።»

አሁን ደሴ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ፤
እንደ ድሮው አልጮህም፣ እስክሪብቶ በቃኝ።
በየወሩ ጣቴን ተወግቼ
«ደምህ ወፍሯል»፣ «ደምህ ቀጥኗል» ይሉኛል፤
እህቴ ሐያት ጎመኑን በጭልፋ ትሰፍራለች፣
ማክሰኞ ሁለት፣ ዓርብ ሁለት፤
አንድ ጭልፋ ባተርፍ ትቆጣለች፣
ሦስተኛ ብጠይቅ ትቆጣለች።
ጢሜን ስላጭ እጄ ይጠነቀቃል፤
ትንሽ ጭረት ብዙ ያወራል።

ሰዎች «ተራዬ ነው! ተራዬን!» ይላሉ፣
በአምስት ደቂቃ ሸሚዝ ይያያዛሉ።
ዝም ብዬ እጽፋለሁ።
ተራ ሰው ነኝ፤ ተራዬ ግን የሰው ነው።

ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲተው
እሱ ብቻ ይቀራል። ቀጭ።
ወገኔ ላይ ዞሬ በትራስ ባፍነው፣
ትራሱም የእሷ ነው።

የመርሳን መኪና ሁልጊዜ መጨረሻ እመዘግባለሁ።
ስሙ መርሳ ነው እንጂ፣ ለመርሳት አያመች።
ስልኳን አልያዝኩም፤ የአባቷን ስም አላውቅ፤
ፓፓያ ከሚሸጡት ማንኛዋን ልጠይቅ?
ደግሞስ እናቷ ቀሚሷን ብታውቀው?
ደግሞስ ዙምራ ራሷ በሩን ብትከፍተው፣
ቆማ፣ ስቃ፣ «ብርቱካን ነው አልክ?» ብትለኝ?
ሁለቱንም እፈራለሁ።

ዛሬ ማለዳ ረዳቱ፣ አፉ ያልጠና ልጅ፣
«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው! መርሳ!» ይላል።
ከጦሳ ጉም ወርዶ መስታወቱን ሸፍኗል።
ትራሱ ብብቴ ውስጥ ነው።
በሩ ተከፍቶ ይጠብቃል፣
የእኔው በር ይቆጥራል።
እስክሪብቶዬን ለጓደኛዬ ሰጠሁት።
«ወዴት?» አለኝ።
«ተራ ልመልስ» አልኩት።